የነርቭ ሕዋስ ምሥጢርና የጓያ መዘዝ

አርቆ የማያይን ሰው አባቶቻችን «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» እያሉ ይተርቱበታል። ጓያ ነቃይ አጎንብሶ በፊቱ ያለውን ብቻ እየነቀለ ስለሚሄድ የማሳው ዳርቻ የት እንደሆነ ቀና ብሎ አይመለከትም። ዛሬ ስለ ጓያና ስለ ነርቭ ሕዋስ ባንድነት ለመጻፍ ስንነሣ፣ «ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቂት ቢታገሠን፣ ግንኙነታቸው የቅርብ መሆኑን፣ ተረቱም ከገበሬው ይልቅ ለእኛ ለተማርነው የሚስማማ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሰዎች ተሰብስበው ስለ ትምህርትና ስለ ምርምር ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ የሚደጋገም አነጋገር አለ። ይኸውም «የአንጎልንና የነርቭን ረቂቅ አሠራር መመርመር ጠግበው ያደሩ አገሮች ሥራ ነው፤ እኛ ከረኀብና ከድርቅ ጋር ትንቅንቅ ላይ ሳለን፣ በዓይን የማይታይ ሕዋስ ከጎረቤቱ ሕዋስ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ብናውቅ ምን ይፈይድልናል?» የሚለው ነው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የሚናገሩትም ሰዎች ለአገር አሳቢዎች ናቸው። የሆነ ሆኖ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ ያ በዓይን የማይታይ የሕዋሳት ንግግር ጓያ በሚዘራባቸው በጎንደርና በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ቀበሌዎች የሰውን እግር የሚያስር ጉዳይ መሆኑን ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ከመጀመሪያው እንነሣ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የአንጎል አካል ከምን እንደተሠራ ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል። በ1873 ካሚሎ ጎልጂ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም የአንጎልን ቁራጭ በብር ጨው ውሃ ቢነክረው፣ ከብዙ ሺህ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ተለይተው ከሥር እስከ ጫፍ ጠቁረው እንደሚታዩ አገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ጉም የተድበሰበሰው ነገር፣ ግንድና ሥር፣ ቅርንጫፍና ጭራሮ ያለው ዛፍ ሆኖ ታየ። ጎልጂ ግን ያየውን ሲተረጉም፣ የነርቭ ሕዋሳት ሁሉ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው እንደ ዓሣ መረብ አንድ ወጥ ነገር ናቸው ብሎ አመነ። በ1888 በባርሴሎና ከተማ ይሠራ የነበረው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ያንኑ የጎልጂን ዘዴ ይዞ የወፎችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ተቃራኒውን አገኘ። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ለራሱ የቆመ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል እንጂ አይዋሐድም ብሎ አስረዳ። በ1906 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ባንድነት ሲሰጥ፣ ጎልጂ በዚያው በሽልማቱ ንግግር ላይ የካሃልን ወገን ሐሳብ ተቃወመ። ዘመን ግን ለካሃል ፈረደ።

ካሃል እውነቱን ከሆነ ዘንድ ሌላ ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ሕዋሳቱ ካልተዋሐዱ መልእክት ካንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይተላለፋል? ይህን የመገናኛ ቦታ እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን በ1897 ከግሪክኛ ቃል አውጥቶ «ሲናፕስ» ብሎ ሰየመው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ በሁለቱ ሕዋሳት መካከል በእርግጥ ክፍተት መኖሩ ታየ። የክፍተቱ ስፋት አንዱን ሚሊሜትር ሃምሳ ሺህ ቦታ ቢከፍሉት ካንዱ ክፍል ጋር የሚተካከል ነው። በ2009 የብራዚል ተመራማሪዎች ባደረጉት ቆጠራ መሠረት የአንድ ሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ እያንዳንዱም በብዙ መቶና በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ ባልንጀሮቹ ጋር በዚህ ዓይነት ክፍተት አማካይነት ይገናኛል። ማሰብ፣ ማስታወስ፣ መራመድ የምንላቸው ሥራዎች ሁሉ በዚህች ጠባብ ክፍተት ላይ ያልፋሉ።

መልእክቱ ክፍተቱን የሚሻገርበትን መንገድ ያሳየ ሙከራ በ1921 በኦስትሪያ አገር፣ በግራትስ ከተማ ተደረገ። ኦቶ ሎዊ የተባለው ሊቅ ሌሊት በሕልሙ የሙከራው አሳብ መጣለትና ነቅቶ በወረቀት ጻፈው፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰ። ሎዊም ዳግመኛ እስኪጠፋበት ሳይጠብቅ ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እየመቱ እንዲቆዩ አደረገ። የመጀመሪያውን ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቢነካው ልቡ ምቱን አዘገየ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር የመጣው በዙሪያው የነበረውን ውሃ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው ልብ ባፈሰሰ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ልብ ማንም ነርቩን ሳይነካው እርሱም አዘገየ። እንግዲህ ነርቩ ወደ ልቡ የላከው መልእክት በውሃው ውስጥ የሟሟ ቅመም ኖሯል። በዚህ ሥራ ሎዊ በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር ኖቤልን ተሸለመ።

ነገሩን በምሳሌ ብናስረዳው ይቀላል። አንድ መልእክተኛ በክረምት ሲሮጥ መጥቶ ከሞላ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ድልድይ የለም፤ መሻገርም አይችልም። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማዶ ለቆመው ባልንጀራው ይጣራል። ማዶ ያለው ሰምቶ መልእክቱን ይዞ ይሮጣል። የነርቭ ሕዋስም እንዲሁ ነው። መልእክቱ በክሩ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲሮጥ መጥቶ ከጫፉ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ቅመም የቋጠሩ እጅግ ረቂቅ ከረጢቶች ይፈነዱና ቅመሙን ወደ ክፍተቱ ይረጩታል። በወዲያኛው ሕዋስ ቆዳ ላይ ለዚያ ቅመም ብቻ የተሠሩ ተቀባዮች አሉ። ቅመሙ ቁልፍ፣ ተቀባዩም ጓጉንቸር ነው። ቁልፉ ገብቶ ሲገጥም በሩ ይከፈታል፤ ጨዋማ ቅንጣቶችም የኤሌክትሪክ ኃይላቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሥራው እንዳለቀ ቅመሙ ተጠርጎ ይነሣል፤ በሩም ይዘጋል። ልብ ልንለው የሚገባን ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ተከፍቶ የሚቀር በር ምን እንደሚያመጣ ወደ ኋላ እናያለን።

አሁን ወደ ጓያው የሚያቀርበን መንገድ ላይ ደርሰናል። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ «ተነሥ፣ ሥራ» የሚለውን ትእዛዝ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ከሚያደርሱት ቅመሞች ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። በ1959 በአውስትራሊያ ካንቤራ ከርቲስ፣ ፊሊስና ዋትኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ቅመም በሕብለ ሰረሰር ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚያነቃቃ አሳዩ። የነርቭ መልእክተኛ መሆኑ ግን ወዲያው አልታመነም፤ እነርሱ ራሳቸውም በመጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። በሌላ በኩል በ1957 በእንግሊዝ አገር ሉካስና ኒውሃውስ፣ ለአይጥ ግልገሎች ብዙ ግሉታሜት በመርፌ ቢሰጧቸው በዓይናቸው ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ሲሞቱ አይተዋል። አሜሪካዊው ጆን ኦልኒ ደግሞ በ1969 በአይጦች አንጎል ላይ ተመሳሳይ ጉዳት መድረሱን ገልጦ፣ የነርቭ ሕዋስ ከመጠን በላይ ሲነቃቃ ሊሞት እንደሚችል አስተማረ። በሩ ተከፍቶ ሲቀር ወደ ውስጥ የሚጎርፈው ነገር ሕዋሱን ያጠፋዋል ማለት ነው። ሕይወት የሚሰጠው መልእክት ራሱ ሲበዛ መርዝ ይሆናል።

በዚሁ ዘመን በሌላ አገር ሌሎች ሰዎች ሌላ ነገር ይፈልጉ ነበር። በ1964 የህንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳውን ቅመም ለይተው አወጡ። ባጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1966፣ ከካንቤራዎቹ ሊቃውንት ዋትኪንስና ከርቲስ ከቢስኮ ጋር ሆነው ይህን የጓያ ቅመም በነርቭ ሕዋሳት ላይ ቢሞክሩት ሕዋሳቱን በብርቱ የሚያነቃቃ ሆኖ ተገኘ። ኦዳፕ ግሉታሜትን በመልክ ይመስለዋል። የግሉታሜትን ጓጉንቸር የሚከፍት የሐሰት ቁልፍ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዶሮና የእንቁራሪት፣ የአይጥና የድመት ነርቭ ሲመረመር ኖሮ፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከጓያ ማሳ ደረሰ።

ጓያ ሰውን እንደሚጎዳ ማወቅ የትናንት ነገር አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት ጽሑፎች ውስጥ ሳያቋርጡ አተር መሰል እህል የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደደከመ ተጽፏል። በ1671 የቩርተምበርግ መስፍን ጓያ በዳቦ ዱቄት ውስጥ እንዳይገባ በዐዋጅ ከለከለ። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ በ1811ና በ1812 ማድሪድን ስለመታው ረኀብ ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ ሰዎች ከብበው የጓያ ገንፎ ሲበሉ ያሳያል። በሽታውን «ላቲሪዝም» ብሎ የሰየመው በ1873 የኔፕልሱ ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1942 መገባደጃ፣ ቫፕኒያርካ በተባለው የእስረኞች ሰፈር የሩማንያ ባለሥልጣኖች አይሁድ እስረኞችን ጓያ ይቀልቧቸው ስለ ነበር በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ራሱ እስረኛ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር የሕመሙ ምክንያት ምግቡ መሆኑን ለይቶ ዐወቀ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው ነገር ቢኖር በሽታው የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ አገር ነውር አለመሆኑ ነው። ሌላ የሚበላ የሌለው ሰው ባለበት ሁሉ ይገኛል።

በአገራችን ጓያ የሚዘራው ገበሬው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጓያ ታማኝ ሰብል ነው። ክረምቱ ሲወጣ በመረሬው መሬት ላይ ይዘሩታል፤ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል። ጤፉና ስንዴው በድርቅ ሲጠወልግ እርሱ ቆሞ ይታያል፤ ውሃ የተኛበትም መሬት አያሸንፈውም። ለመሬቱ ማዳበሪያ፣ ለከብቱ መኖ፣ ለሰውም ገንቢ ምግብ ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ በልኩ ሲበላ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይሆን ይኖራል። መከራው የሚመጣው ሌላው ሰብል ሁሉ ጠፍቶ ጓያ ብቻውን ሲቀር፣ ቤተሰቡም ለሁለትና ለሦስት ወር፣ ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ፣ እርሱን ዋና ምግቡ ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር ወርደው የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙት ረጃጅም የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳሉ። አንድ ጎልማሳ ማታ በደኅና ተኝቶ ጧት ሲነሣ እግሩ ደርቆ፣ ጉልበቱ ተቆላልፎ ሊያገኘው ይችላል። አእምሮው አይነካም፤ የእግሩም ስሜት እንዳለ ነው። ሐኪሞች በሽታውን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ የሚድህ። ወንዶችና ወጣቶች ይበዙበታል። ሞፈር የሚይዘው እጅ ደኅና ሆኖ፣ ከሞፈሩ ኋላ የሚሄደው እግር ይቀራል። የሞቱትን የነርቭ ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት ዛሬም የለም።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን ከ1995 በኋላ በነበሩት ዓመታት በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎዳ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤልጅጉ ፈርናንድ ላምቤን ጋር ሆነው ያጠኑትን በ1999 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አስታወቁ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለአገራችን ምርምር የሚያኮራ ነው። ከበሽተኞቹ ጎጆ ገብተው ምን እንደበሉ፣ እንዴት አብስለው እንደበሉ ጠየቁ። በ2003 በዚያው መጽሔት የወጣው ጥናታቸው፣ ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉና ቅመም ባለው ወጥ መልክ የበሉ ሰዎች የሚያገኛቸው ጉዳት ያነሰ መሆኑን አሳየ። ንፍሮውና እሸቱ ዋነኛ ምግብ ሲሆን ግን አደጋው ይበረታል።

እስቲ ይህን ከሕዝቡ እምነት ጋር እናስተያየው። ጓያ በሚበላባቸው አንዳንድ ቀበሌዎች ሰውን የሚሰብረው ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይባላል። አገዳው ወይም ጭዱ ሰውነትን ሲነካ ነው የሚሉም አሉ። ሕዝቡ ወንጀለኛውን ዐውቆታል፤ ወንጀለኛው የሚገባበትን በር ግን አላወቀም። እናት ልጆቿን ከእንፋሎቱ ታርቃለች፤ እንፋሎቱ ካለፈ በኋላ ንፍሮውን በሰፌድ ታቀርብላቸዋለች። ይህን የምታደርገው በፍቅርና በጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄዋ የሚያድናት እውነተኛውን በር ያወቀች እንደሆነ ነው። በሩ ደግሞ በአፍ ይገባና በደም አልፎ ከዚያች በዓይን ከማትታይ የሕዋሳት ክፍተት ይደርሳል። እንግዲህ የሲናፕስ ዕውቀት ለዚች እናት አይፈይድም የሚል ሰው የቱን ዕውቀት ሊሰጣት አስቦ ነው?

አንዳንዶች «ታዲያ ጓያ እንዳይዘራ ለምን በሕግ አይከለከልም?» ይላሉ። ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የቩርተምበርግ መስፍን ሞክሮታል። ህንድም በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ሆኖም በዚያ አገር ጓያ መዘራቱና መበላቱ አልቀረም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል»። ልጁ በረኀብ ሲያለቅስ የሚሰማ አባት፣ በማሳው ላይ የቆመውን ብቸኛ እህል ትቶ ዐዋጅ አያነብም። ሌላ የሚበላ ሳይሰጡ የሚበላውን መከልከል፣ ከበሽታው ወደ ረኀቡ መገፍተር ነው።

በእኛ አስተያየት ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት የጊዜ ነገር ይታሰብበት። በአንድ ወረዳ ጤፉ፣ ገብሱና ስንዴው ከጠፋ፣ የቆመው ጓያ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። የእርዳታ እህል የሚደርሰው ሰዎች መድኸ ከጀመሩ በኋላ ከሆነ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ የነርቭ ሕዋስ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ መልሶ አያቆጠቁጥምና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረሰ አንድ ቁና ስንዴ፣ ከጓያው ጋር ተቀላቅሎ፣ በኋላ ከሚመጣ የሕክምና ብዛት የበለጠ ይሠራል።

ቀጥሎ ምክሩ ማድ ቤት መድረስ አለበት። ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ሲቀቅሉም የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ከእህል ጋር መቀላቀል ደግሞ ጓያ የሚጎድለውን ገንቢ ነገር ይሞላል። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሊያስተምሩት የሚችሉት ነገር ነው። ነገር ግን ምክር ሰጪው አንድ ነገር አይርሳ። ድርቅ በሆነበት ዘመን ያ «ብዙ ውሃ» የሚመጣው በሴቲቱ ጀርባ ነው። ከሩቅ ምንጭ በእንስራ ተሸክማ ያመጣችውን ውሃ «ድፊው» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ስለዚህ ምክሩና የውሃ ጉድጓዱ አብረው ይሂዱ።

ሦስተኛው የዘሩ ጉዳይ ነው። መርዙ ያነሰበት ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያ በአገራችን ተለቋል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ይሁን እንጂ የመርዙ መጠን እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ተክሉም በድርቅ ሲጨነቅ መርዙን ሊያበዛ ስለሚችል፣ ዘር ሰጥቶ ዘወር ማለት አይበቃም። አራተኛ፣ ጓያ የሰበረው ሰው እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ተረገመ ሰው መታየቱ ይቅር። አእምሮው ሙሉ፣ እጁም ጤነኛ ነው። ተቀምጦ የሚሠራው ሥራና የሚማርበት ትምህርት ቤት ቢያገኝ ራሱን ችሎ ይኖራል።

ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። «ለድሃ አገር የሚጠቅመው የሚጨበጥ ሥራ ነው» ለሚሉት ሰዎች የምንመልሰው ይህን ነው። ካሃል በ1888 የወፍ አንጎል ሲመረምር ስለ ጓያ አላሰበም። ሎዊ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ሲሮጥ ስለ ደላንታ ገበሬ አላለመም። ካንቤራዎቹም ግሉታሜትን ሲሞክሩ ማንም «ይህን የምትሠሩት ለየትኛው ችግር ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው የሚሰጡት መልስ ከእኛ ጎጆ ባልደረሰ ነበር። እያንዳንዱ የፊት የፊቱን ጥያቄ ብቻ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ዛሬ የጓያ መርዝ በየትኛው በር እንደሚገባ ባልታወቀም ነበር። የሩቁን የሚያይ ምርምር ለቅርቡ ችግር መልስ ይዞ ይመጣል፤ መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ አይናገርም።

ደግሞም ሥራው አላለቀም። ከአንድ ማዕድ ከበሉት ወንድማማቾች አንዱ ሲሰበር ሌላው ለምን ደኅና ይሆናል? ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ለምን ይጎዳሉ? ካሉት የነርቭ ሕዋሳት ሁሉ የእግሮቹ ለምን ይመረጣሉ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ምርምሩ ዛሬም ይቀጥላል። እነዚህን ጥያቄዎች ከእኛ ይልቅ የሚቀርበው ማነው? በሽተኛው ከእኛ ዘንድ ነው፤ ማሳውም ከእኛ ዘንድ ነው። በቅርብ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ብዙዎቻችን ዓይናችን በቢሮ ወንበርና በውጭ አገር ቪዛ ላይ ነው። ከመካከላችን ጥቂቶች እንኳ ማይክሮስኮፑንና የገጠሩን መንገድ ባንድነት ቢመርጡ፣ የሚያገኙት መልስ ከደላንታ አልፎ ለህንድና ለባንግላዴሽ ገበሬም ይተርፋል። ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለነርቭ ሳይንስ ወንበርና ዕቃ፣ መንግሥትም በጀት ሊመድቡ ይገባል። ገንዘቡ ሲመደብ «ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ተናጋሪው አስቀድሞ በሁለት ምርኩዝ ከሚሄደው ገበሬ ጋር ይነጋገር።

የጓያ ዘር ከመሬት የሚገባው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ገበሬው ያን ጊዜ መሬቱንና ሰማዩን አይቶ ይወስናል፤ ውሳኔውም የጥበብ ውሳኔ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው፣ መከሩ ከፍቶበት ጓያውን ብቻ ይዞ ከመቅረቱ በፊት፣ ያወቅነውን ነገር በሚገባው ቋንቋ፣ ከእህሉና ከውሃው ጋር፣ ከደጁ ማድረስ ነው።